ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ቡድናችሁን አትበትኑት

ነሐሴ 16 ቀን፣ ዓርብ ማታ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሰፈራችን ያለው ኳስ የምናይበት ቤት ገብቼ ሻይ አዝዤ ተቀምጫለሁ። ዌስትሃም ከቼልሲ ሊጫወቱ ነው። የፋንታሲ ቡድኔ ካፒቴን ደግሞ ኮል ፓልመር። ዝም ብዬ አይደለም የመረጥኩት፤ ዌስትሃም በመጀመሪያው ሳምንት ከታች ባደገው ሰንደርላንድ 3 ለ 0 ተሸንፎ ነበር የመጣው። "ዛሬ ፓልመር ያርዳቸዋል" ብዬ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሳይቀር ጽፌያለሁ።

ዴድላይኑ ምሽት 2፡30 ላይ ተዘግቷል። ጨዋታው የሚጀምረው 4 ሰዓት ነው። ልክ ተጫዋቾቹ እያሟሟቁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ፓልመር ሲያሟሙቅ አመመው፣ አይጫወትም፣ በእሱ ቦታ ኤስቴቫዎ ገብቷል። በቃ። ማንንም መቀየር አይቻልም። ሻዬ ቀዝቅዞ እኔ ሞቅኩ።

ቼልሲ 5 ለ 1 አሸነፈ። ያለ ፓልመር! የምሽቱ ሰው ጆአዎ ፔድሮ ነበር፤ 1 ጎል፣ 2 አሲስት። አጥቂ ጎል ሲያገባ 4 ነጥብ ነው፣ አሲስት ደግሞ 3። ቦነሱን ሳንቆጥር ከጎሉና ከአሲስቶቹ ብቻ 10 ነጥብ። ታዲያ ምን ችግር አለው ትሉኝ ይሆናል። ችግሩማ ጆአዎ ፔድሮን ከአምስት ቀን በፊት ሸጬዋለሁ።

እንዴት ሸጥከው? ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እሁድ ቼልሲ ከክሪስታል ፓላስ 0 ለ 0 ወጣ። የዚያኑ ዕለት የኖቲንግሃም ፎረስቱ ክሪስ ዉድ ብሬንትፎርድ ላይ ሁለት አገባ። ግሩፑ በዉድ ስክሪንሾት ተጥለቀለቀ። እኔም እሁድ ማታ፣ ራት ሳልበላ፣ ፔድሮን አውጥቼ ዉድን አስገባሁ። ይባስ ብዬ ምክትል ካፒቴን አደረግኩት። ፓልመር ሳይጫወት ሲቀር ካፒቴንነቱ ወደ ዉድ ዞረ። ዉድ ፓላስ ላይ ጎልም አሲስትም አላገኘም። ዜሮን በሁለት ብታበዙት ያው ዜሮ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ፎረስት በሜዳው በዌስትሃም 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ ፔድሮ ደግሞ ፉልሃም ላይ ድጋሚ አገባ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉታል እንዲህ ነው፤ እኔማ የምለቅመውም አጣሁ።

ሊጋችን

ሚኒ ሊጋችን ውስጥ 14 ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን የሁለተኛ ደረጃ የክፍል ጓደኞች ነን። አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ ዱባይ ነው፤ ሌሎቻችን አዲስ አበባ። ለመግቢያ 500 ብር በቴሌብር እንልካለን፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ይካፈሉታል። አንዳንድ ሰው "ይሄ ያው ቤቲንግ ነው" ይላል። አይደለም። ቤቲንግ ቤት በአንድ ቅዳሜ የቤት ኪራይህን ልትጨርስ ትችላለህ። እዚህ ዓመቱን ሙሉ የምታጣው 500 ብርና ትንሽ ክብር ነው። ጨዋታው ራሱ ነጻ ነው፤ ከ2002 ጀምሮ አለ፣ ባለፈው የውድድር ዓመት ከ11 ሚሊዮን በላይ ቡድን ተመዝግቦበታል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እኔ ስንተኛ ነኝ? 12ኛ።

አሁን ኢንተርናሽናል ብሬክ ነው። ነሐሴ 30 ቀን ዋልያዎቹ ካይሮ ላይ በግብጽ 2 ለ 0 ተሸነፉ፤ ሳላህና ማርሙሽ በፍጹም ቅጣት ምት አገቡብን። ሳላህ በቡድኔ ውስጥ አለ፤ በእኛ ላይ ያገባው ጎል ግን ለፋንታሲ አይቆጠርም። እንዲህ ያለ ሁለት ጊዜ መከራ የትም አይገኝም! ለማንኛውም ሊጉ ሲያርፍ፣ አዲሱ ዓመትም ሲገባ፣ ቁጭ ብዬ ምን እንዳጠፋሁ አሰብኩ። እናንተም ቀይ ቀስት እያያችሁ "ዋይልድካርዱን ልጫነው እንዴ?" እያላችሁ ከሆነ፣ ይቺን አንብባችሁ ተጫኑት።

የገዛችሁበት ምክንያት ተለውጧል?

ፔድሮን መጀመሪያ ለምን ነበር የገዛሁት? በክለቦች ዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ 2፣ በፍጻሜው ደግሞ 1 ጎል አግብቶ ስለመጣ፣ የቼልሲ ዋና አጥቂ ስለሆነ። ከፓላሱ 0 ለ 0 በኋላ ከዚህ ውስጥ የተለወጠ ነገር ነበር? ምንም። የተለወጠው የእኔ ስሜት ብቻ ነው።

ዉድን መግዛቱ ራሱ ሞኝነት አልነበረም። ሰውየው ባለፈው ዓመት በሊጉ 20 ጎል ያገባ ነው። ሞኝነቱ በ90 ደቂቃ ምክንያት ሌላውን መጣሌ ነው። በ2025 ደግሞ ፎረስት አሰልጣኙን ኑኖን አሰናብቶ ፖስቴኮግሉን ቀጥሮ ነበር። ይሄ እንግዲህ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ ቁጭ ብሎ መታየት ያለበት።

የነሐሴ ኳስ ሁለት ፊት አለው። በ2019 የኖርዊቹ ቴሙ ፑኪ በመጀመሪያዎቹ 3 ጨዋታዎች 5 ጎል አገባ። ያልገዛው ሰው አልነበረም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ጎሉ 11 ብቻ ነበር፤ ኖርዊችም መጨረሻ ሆኖ ወረደ። በ2015 ደግሞ ሪያድ ማህሬዝ በመጀመሪያው ቀን ሁለት አገባ፤ "ይሄ ያልፋል" ብለው የጠበቁት አለቀሱ። 17 ጎል አግብቶ ከሌስተር ጋር ዋንጫ በላ። ኮል ፓልመር ራሱ በ2023 ሊጉ ሲጀመር የቼልሲ ተጫዋች እንኳ አልነበረም፤ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ከማንቸስተር ሲቲ መጥቶ 22 ጎል አገባ።

ታዲያ ፑኪን ከማህሬዝ በምን እንለያለን? በእርግጠኝነት የሚለይ የለም። ግን ጥቂት ጥያቄዎች ይረዳሉ። ሰውየው 90 ደቂቃ ይጫወታል ወይስ በ60ኛው ይወጣል? ፍጹም ቅጣት ምት መቺ ነው? ፓልመር ያን ዓመት ካገባቸው 22 ጎሎች 9ኙ በፍጹም ቅጣት ምት ነበሩ። ቡድኑ ወደ ጎል ይደርሳል ወይስ ሁለት ዕድል አግኝቶ ሁለቱንም አገባ? ቀጣዮቹ 4 እና 5 ጨዋታዎች ከማን ጋር ናቸው? እነዚህን ጠይቃችሁ መልሱ ጥሩ ከሆነ ግዙ። "ሁሉም ሰው ገዛው" የሚለው ግን ለብቻው መልስ አይደለም።

እሁድ ማታ ስልኩን አስቀምጡት

እሁድ ማታ የምንቀይረው ዋጋው ሳይጨምር ልንቀድም ብለን ነው። እስኪ ሒሳቡን እንየው። ተጫዋች በአንድ ሌሊት የሚጨምረው 0.1 ሚሊዮን ነው። ትርፉንም ሙሉውን አይሰጡህም፤ በ7.5 ገዝተህ 7.7 ቢደርስ ስትሸጠው የምታገኘው 7.6 ነው። ለዚህች ብላችሁ እሁድ ከገዛችሁ፣ ረቡዕ በልምምድ ላይ ቢጎዳ ምን ልታደርጉ ነው? ሌላ ለመቀየር 4 ነጥብ መክፈል። አራት ነጥብ የአንድ አጥቂ ጎል ነው። አሰልጣኞቹ መግለጫ የሚሰጡት ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ እስከዚያ መጠበቅ ይሻላል።

ባትቀይሩ ደግሞ አይጠፋባችሁም። ነጻ ዝውውር እስከ 5 ድረስ ማጠራቀም ይቻላል። ታህሳስ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ሲመጣና እነ ሳላህ ሲሄዱ ደግሞ ጨዋታው ራሱ ለ16ኛው ሳምንት ሁሉንም ሰው ወደ 5 ያሞላዋል። ስለዚህ "ለአፍሪካ ዋንጫ ላጠራቅም" ብሎ ከአሁኑ መጨነቅ አያስፈልግም።

ቺፖቹም ዘንድሮ በእጥፍ ናቸው። ዋይልድካርድ፣ ፍሪ ሂት፣ ቤንች ቡስት፣ ትሪፕል ካፒቴን ለእያንዳንዱ የዓመቱ ግማሽ አንድ አንድ አሉ። የመጀመሪያዎቹ እስከ 19ኛው ሳምንት ዴድላይን ካልተጫኑ ይቃጠላሉ። ስለዚህ ዋይልድካርድን አሁን መጫን ኃጢአት አይደለም። አምስትና ስድስት ተጫዋች ተጎድቶባችሁ ወይም ከቋሚ አሰላለፍ ወጥተውባችሁ ከሆነ ተጫኑት። ሁለት ሰው ለመቀየር ብላችሁ ከሆነ ግን ተዉት፤ እሱን በነጻ ዝውውር በሁለት ሳምንት ትጨርሱታላችሁ።

ሌላም አዲስ ነገር አለ። ተከላካይ ታክል፣ ኳስ ማቋረጥ፣ መከለልና ማራቅ ተደምረው 10 ከሞሉለት 2 ነጥብ ያገኛል። ለአማካይና ለአጥቂ ኳስ መንጠቅም ይጨመርና 12 መሙላት አለበት። ትርጉሙ ምንድነው? የድሮው ርካሽ ተከላካይ ቡድኑ ጎል ከገባበት ባዶ እጁን ይመጣ ነበር። አሁን ዘጠና ደቂቃ ሲጠቃ የሚውል ቡድን ውስጥ ያለ የመሃል ተከላካይም ይጠቅማችኋል። ቤንቻችሁን ስትሠሩ አስቡበት።

ስለ ምክትል ካፒቴን የምለውን ቀድሞውኑ ታውቃላችሁ። ካፒቴኑ ዓርብ የሚጫወት ከሆነ ምክትሉን ልክ እንደ ካፒቴን ምረጡት። እኔ ስልኩን እያየሁ አውራ ጣቴ ያረፈበትን ነው የሾምኩት።

ያልተነካው ቡድን

አሁን ወደ ዱባዩ ጓደኛችን ልመለስ። በሁለተኛው ሳምንት ምንም አልቀየረም። በሦስተኛውም። ፓልመር ቀይ ምልክት ተለጥፎበት አሁንም ካፒቴኑ ነው። ግሩፑ ላይ "ዱባይ ሙቀቱ አስተኛው" ብለን ሳቅን። እሱ ግን አልመለሰም። ድሮ እኮ ከዴድላይን አንድ ሰዓት በፊት "ካፒቴን ማን?" ብሎ የሚያስጨንቀን እሱ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ሳምንት አልዘለለም።

ጳጉሜን መጨረሻ ላይ ደወልኩለት። አላነሳም። በማግስቱ ራሱ ደወለ። ከሥራ ከወጣ ወር አልፎታል። ስድስት ሆነው በሚኖሩበት ክፍል አልጋ ተከራይቶ፣ ዋይፋይ ባገኘበት እየገባ ሥራ ይፈልጋል። ለቤተሰቦቹ አልነገራቸውም። ለእኛም መንገር አፍሮ ነበር። "ግሩፑን ከፍቼ የምታወሩትን አነባለሁ፤ ግን ምን ብዬ ልግባ?" አለኝ።

ችግሩን ፈታንለት ብዬ አልዋሽም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ ትንሽ ነገር ላከ፤ ዱባይ የሚኖር የአክስቱ ልጅ ያለው ደግሞ ስልክ አገናኘው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ ሁላችንም በግሩፕ ኮል ገብተን አንድ ሰዓት አወራን። ስለ ሥራ ብዙም አላወራንም። ስለ ፓልመር ነው ያወራነው። እኔ አስቤበት አላውቅም እንጂ፣ ያ ልጅ ዝም ማለቱን ያወቅነው በቡድኑ ነው። ሊጉ ባይኖር "ሥራ በዝቶበት ይሆናል" ብለን ስንት ወር እናልፈው ነበር?

በነገራችን ላይ ደረጃው 9ኛ ነው። ከእኔ በሦስት ይበልጣል። ነገሩ ገርሞኝ ቡድኑን ከፍቼ አየሁት። ጆአዎ ፔድሮ እዚያው ተቀምጧል፤ ማንም ስላልሸጠው። ሰውየው ስልኩን መክፈት እንኳ አቅቶት በነበረበት ሦስት ሳምንት፣ በየቀኑ አፑን ሦስት ጊዜ ከምከፍተው ከእኔ በላይ ነጥብ ሰብስቧል።

የአራተኛው ሳምንት ዴድላይን ቅዳሜ መስከረም 3 ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ አርሰናል ከፎረስት ከሚጀምሩበት 90 ደቂቃ በፊት። እንግሊዞች ጥቅምት ላይ ሰዓታቸውን ሲለውጡ የቅዳሜው ቀትር ዴድላይን ለእኛ 8 ሰዓት ይሆናል፤ እስከዚያው በ7 ያዙት። እኔ አንድ ዝውውር ብቻ ነው የማደርገው፤ እሱንም ቅዳሜ ጠዋት። ከሊጋችሁ ውስጥ ሦስት ሳምንት ያልተነካ ቡድን ካያችሁ ደግሞ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ደውሉ።

ትናንት ማታ ዱባይ ከዝምታው ወጥቶ ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ "ካፒቴን ማን?"