በእጅ የተሠራ ጭፈራ

ማይክል ጃክሰን ከተነሣ ወሬው ዞሮ ዞሮ «ትሪለር» ላይ ይወድቃል። የተሸጠው ብዛት፣ ቀዩ ጃኬት፣ መቃብር ፈንቅለው የሚጨፍሩት ሙታን... በዚህ አልከራከርም። ግን ከ«ትሪለር» 3 ዓመት ቀድሞ የወጣ፣ ታላቅ ሆኖ ሳለ እንደ ታናሽ ወንድም ከኋላ የሚሰለፍ አልበም አለ። ስሙ «ኦፍ ዘ ዎል» ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ማይክል ለጭፈራ ብሎ ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

የወጣው ነሐሴ 4 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 10 ቀን 1979 (ከዚህ በኋላ ዓመታቱን በእነሱ አቆጣጠር እንያዝ)። 10 ዘፈኖች አሉት። አሳታሚው ኤፒክ፣ ፕሮዲውሰሩ ኩዊንሲ ጆንስ፣ የተቀረጸበት ከተማ ሎስ አንጀለስ ነው። ለማይክል 5ኛው የግል አልበሙ ሲሆን፣ ሲወጣ 21 ዓመት አልሞላውም ነበር። መታወቂያው ይኸው ነው።

ወደምወደው ጉዳይ ልለፍ። «የዳንስ አልበም» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማሽን ነው። ሰርጋችን ሁሉ በአንድ ኪቦርድ መድመቅ ከጀመረ ወዲህ፣ ምት ማለት ቁልፍ ተጭነው የሚለቁት ነገር መስሎናል። «ኦፍ ዘ ዎል»ንም የሰሙ ሰዎች «የድሮ ኮምፒውተር ነው አይደል?» ብለው ጠይቀውኛል። አይደለም! ሲንተሳይዘር አልጠፋበትም፤ ግን የሚያስጨፍራችሁ ምት ላብ ካለው ሰው እጅ የወጣ ነው።

«ሮክ ዊዝ ዩ»ን ክፈቱና ገና ሲጀምር ያለውን ብቻ ስሙ። ማንም ሳይዘፍን፣ ሌላ መሣሪያ ሳይገባ፣ ድራሙ ብቻውን ተንደርድሮ በሩን ይከፍታል። የመታው ጆን ሮቢንሰን ነው፤ ከቻካ ካን ጋር ይሠራ የነበረው የ«ሩፈስ» ባንድ ድራመር። ያቺ አፍታ ዛሬም ድራም ለሚማሩ ወጣቶች እንደ ፊደል ገበታ ናት። በአብዛኞቹ የአልበሙ ዘፈኖች ላይ ቤዝ ጊታሩን የያዘው ሉዊስ ጆንሰን ደግሞ ክሩን በጣት ጫፍ አይነካካም፤ በአውራ ጣቱ እየመታ፣ በሌላው ጣቱ እየሳበ ይለቀዋል። «ጌት ኦን ዘ ፍሎር» ላይ ይህ በግልጽ ይሰማል፤ ዘፈኑንም ከማይክል ጋር አብሮ ደርሶታል። ኪቦርዱ ላይ ግሬግ ፊሊንጌንስ፣ ልዩ ልዩ ምት መሣሪያዎች ላይ ብራዚላዊው ፓውሊኞ ዳ ኮስታ፣ በትንፋሽ መሣሪያዎቹ መሪነት ጄሪ ሄይ ነበሩ። እነዚህን ስሞች የምዘረዝረው በከንቱ አይደለም፤ ኋላ እኛው ጋ ይመጣሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የጠርሙሶቹን ነገር ላውራ። የአልበሙ መክፈቻ «ዶንት ስቶፕ ቲል ዩ ጌት ኢናፍ» ነው፤ ግጥሙም ዜማውም የማይክል የራሱ። ማይክል ኖታ አያነብም፣ አይጽፍም ነበር፤ ሐሳብ ሲመጣለት በአፉ ድራሙንም፣ ቤዙንም፣ ትንፋሹንም እያሰማ በቴፕ ይቀዳዋል። ይህንን ዘፈን ስቱዲዮ ከመውሰዱ በፊት እቤቱ ሲሞክረው ከወንድሙ ከራንዲና ከእህቱ ከጃኔት ጋር ሆኖ የመስታወት ጠርሙስ እየመቱ ነው የቀዱት። ጃኔት ያኔ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። በ2001 እንደገና የታተመው ቅጂ መጨረሻ ላይ ያ የቤት ቅጂ ተጨምሯል፤ ካገኛችሁት ስሙት። ቫዮሊን የለም፣ የትንፋሽ መሣሪያ የለም፤ ጠርሙሱ ግን ቅል ቅል ይላል፣ ዘፈኑም ሙሉ ዘፈን ነው። ኩዊንሲ ጆንስ ከዚያ በላይ ያለበሰው ልብስ ውድ ነው፣ አካሉ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ተወልዷል። «ማይክልን የሠራው ኩዊንሲ ነው» የሚሉ ሰዎች ይህንን ቅጂ ሳይሰሙ ባይናገሩ ደስ ይለኛል።

የዚሁ ዘፈን መግቢያም ብዙ ግፍ ይፈጸምበታል። ሲጀምር ቤዙ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ማይክል ዜማ አያወጣም፣ ሊናገር ፈልጎ ያፈረ ሰው ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ይቆማል፣ ይቀጥላል። ከዚያ ድንገት አንድ ጩኸት ይለቅና ቫዮሊኑና ትንፋሹ በአንድ ላይ ይገነፍላሉ። ያ ጩኸት ኃይል ያገኘው ከፊቱ ካለው ሹክሹክታ ነው። በጥር አንድ ሰርግ ላይ ዲጄው መግቢያውን ቆርጦ ከጩኸቱ ጀመረው። ቀረብ ብዬ «ምነው ልጄ፣ ምን አደረገህ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ወሬ ሲበዛ ሰው ይቀመጥብኛል» አለኝ። ሰው እንዲያውም የሚነሣው እዚያ ላይ ነው! ዲጄዎች ሆይ፣ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ታገሡ።

ሌላው ጥፋት በስልክ ድምፅ ማጉያ መስማት ነው። ይህንን አልበም የቀረጸው ብሩስ ስዊዲን የተባለ የድምፅ መሐንዲስ ነው፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚቆምበትን ቦታ መርጦ፣ ከግራና ከቀኝ አሰልፎ ነው ያስቀመጣቸው። በስልክ ስትሰሙት ቤዙ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሉዊስ ጆንሰን በከንቱ ደከመ ማለት ነው። «ወርኪን ዴይ ኤንድ ናይት»ን በደህና ማዳመጫ ሞክሩ። ማይክል ትንፋሹን እየሳበና እየለቀቀ፣ በከንፈሩና በጉሮሮው ከምት መሣሪያዎቹ ጋር ሲጫወት ትሰማላችሁ።

ኩዊንሲና ማይክል የተቀራረቡት በ1978 የወጣው «ዘ ዊዝ» የተባለው ፊልም ሲሠራ ነው፤ ማይክል የወፍ ማስፈራሪያውን ሰው ሆኖ ተውኗል፣ ኩዊንሲ ሙዚቃውን መርቷል። አሳታሚዎቹ ኩዊንሲን ጃዝ ያበዛል ብለው ፈርተውት ነበር። እሱ ደግሞ «ሂትዌቭ» ከተባለው ባንድ ሮድ ቴምፐርተን የሚባል እንግሊዛዊ አመጣ፤ ወደ ሙዚቃ ከመግባቱ በፊት ግሪምዝቢ ከተማ በሚገኝ የበረዶ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ የሠራ ዝምተኛ ሰው። «ሮክ ዊዝ ዩ»ም፣ አልበሙ ስሙን የወሰደበት ዘፈንም የእሱ ድርሰቶች ናቸው።

ጊዜው ለዳንስ ዘፈን ደግ አልነበረም። አልበሙ ሊወጣ ወር ሲቀረው፣ ጁላይ 12 ቀን ቺካጎ ውስጥ ኮሚስኪ ፓርክ በተባለው ስታዲየም ሰዎች የዲስኮ ሸክላ ሰብስበው በፈንጂ አጋይተዋል። ሣሩ ተበላሽቶ የዕለቱ ሁለተኛ የቤዝቦል ጨዋታ ቀረ። «ኦፍ ዘ ዎል» በዚያ ጭስ ውስጥ ወጥቶ 4 ዘፈኖቹ የአሜሪካን የአስር ምርጦች ሰንጠረዥ ገቡ፤ ሁለቱ አንደኛ ሆኑ። የግራሚ ዳኞች ግን በ1980 የሰጡት አንድ ሽልማት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የዲስኮ ዘርፍ የሚባል ነበር፤ «ዶንት ስቶፕ» ታጭቶ በግሎሪያ ጌይነር ተሸነፈ፤ ዘርፉም ከዚያ ወዲያ ታይቶ አያውቅም። ማይክል በውጤቱ በጣም አዝኖ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። «ትሪለር»ን ያመጣው ያ እልህ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም እስማማለሁ።

አሁን ስሞቹን ላስታውሳችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅ ጊዜ የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ሲዘፍኑልን፣ ደራሲዎቹ ማይክልና ላዮኔል ሪቺ፣ መሪው ኩዊንሲ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ድራሙን የመታው ግን ጆን ሮቢንሰን ነው፤ ቤዙ የሉዊስ ጆንሰን፣ ኪቦርዱ የፊሊንጌንስ። ያን ጊዜ በየቤቱ በራዲዮና በካሴት የሰማነው ምት ከ«ኦፍ ዘ ዎል» ሰዎች እጅ የወጣ ነበር። ለጭፈራ የተገናኙት ሰዎች ለእርዳታም አብረው ተገኙ፤ ብዙዎቻችን ሳናውቃቸው ሰምተናቸዋል።

ወደ አልበሙ ልመለስ፤ ሁለተኛው የሸክላው ገጽ ላይ ይቀዘቅዛል፤ አልዋሽም። «ገርልፍሬንድ» የፖል ማካርትኒ ድርሰት ነው፣ ፖል ራሱ ከ«ዊንግስ» ጋር በ1978 ዘፍኖታል፤ ለእኔ በሁለቱም አፍ ቀላል ነው፣ አልፈዋለሁ። ቀጥሎ ያለው «ሺዝ አውት ኦፍ ማይ ላይፍ» ላይ ማይክል በተቀረጸ ቁጥር መጨረሻው ላይ ያለቅስ ስለነበር ኩዊንሲ ለቅሶውን እንዳለ ተወው። ስቲቪ ወንደር ከሱሳይ ግሪን ጋር የደረሰው «አይ ካንት ሄልፕ ኢት» ደግሞ ለጭፈራ ሳይሆን ሲመሽ መኪና ውስጥ ለመስማት ነው። እዚህ ላይ አልበሙ አለቀ ብለው የሚያጠፉ ብዙ ናቸው። መዝጊያው «በርን ዚስ ዲስኮ አውት» ግን እንደገና የሚያስነሣ የቴምፐርተን ዘፈን ነው፤ የጄሪ ሄይ ትንፋሾች በሙሉ ኃይላቸው የሚለቀቁትም እዚያ ላይ ነው።