የዲዛይን መርሆዎችና የመንዝ ባና፦ ተረቱና እውነታው

በመንዝ ማማ ምድር ወረዳ፣ በሞላሌና በዙሪያዋ፣ ባና የብርድ ጋሻ ነው። ከመንዝ በግ ጠጉር ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ይለበሳል፣ ይነጠፋል። ጥሩ የእጅ ሥራ ነው ቢባል የሚከራከር የለም። የዲዛይን ሥራ ነው ሲባል ግን ብዙ ሰው ያመነታል። ዲዛይን የተማረ ሰው ሙያ፣ ከውጭ የገባ እውቀት፣ ሚዛን፣ ንጽጽር፣ ምት፣ አጽንኦት፣ ምጣኔና አንድነት የሚባሉ መርሆዎች ያሉት ነገር ነው ተብሎ ይታሰባል። ባና ደግሞ ከእናት ከአባት የተወረሰ ልማድ ነው፤ መርሆ የለውም ይባላል። ይህ እምነት ብቻውን አይቆምም፤ ሌሎችንም ይወልዳል። ሚዛን ማለት ግራና ቀኝን እኩል ማድረግ ነው፤ ቀለም በበዛ ቁጥር ውበት ይጨምራል፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ምጣኔ አያውቅም፤ ለትክክለኛ ምጣኔ አንድ የተወሰነ ቁጥር አለ የሚሉት አባባሎች ሁሉ የአንድ ግምት ልጆች ናቸው። ግምቱም መርሆ አስቀድሞ የተጻፈ ሕግ ነው፣ ሥራ የሚመጣው ከሕጉ በኋላ ነው የሚል ነው። ነገሩ በተቃራኒው ነው። መርሆዎቹ የተጻፉት ሥራው ከተሠራ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከሥራው ተለቅመው ነው።

ማስረጃው ያለው በዝርዝሩ ታሪክ ውስጥ ነው። ዛሬ በየሥነ ጥበብ መማሪያው የምናየው ዓይነት ዝርዝር መልክ የያዘው የቅርብ ጊዜ ነው። አሜሪካዊው መምህር አርተር ዌስሊ ዳው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 ባሳተመው የቅንብር መጽሐፉ አምስት መርሆዎችን ዘረዘረ፤ እነሱም ተቃርኖ፣ ሽግግር፣ ማስገዛት፣ ድግግሞሽና ግራ ቀኝ መመሳሰል ናቸው። በ1907 ሌላው የዲዛይን መምህር ዴንማን ሮስ ሦስት ብቻ አስቀመጠ፦ ስምምነት፣ ሚዛንና ምት። የዛሬዎቹ መጻሕፍት ስድስትም፣ ሰባትም፣ ከዚያ በላይም ይላሉ። የተፈጥሮ ሕግ ቢሆን ኖሮ በስምንት ዓመት ውስጥ ከአምስት ወደ ሦስት ባልወረደ ነበር። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ዳው ሐሳቡን ያገኘበት ቦታ ነው። ኧርነስት ፌኖሎሳ ይጠብቀው የነበረውን የቦስተን ሙዚየም የጃፓን ስብስብ አይቶ፣ በእንጨት ቅርጽ የታተሙትን የጃፓን ሥዕሎች አጥንቶ ነው መርሆዎቹን ያወጣው። እነዚያን ሥዕሎች የሠሩት የጃፓን ባለሙያዎች የዳውን መጽሐፍ አላነበቡም፤ እሱ ነው የእነሱን ሥራ ያነበበው። ስለዚህ አንድ ሥራ መርሆ አለው ወይስ የለውም ብሎ ለመፍረድ ሠሪው መጽሐፍ አንብቧል ወይ ብሎ መጠየቅ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው።

የንጽጽር መርሆ ታሪክ ደግሞ ለመንዝ ሰው ይበልጥ ይቀርበዋል፤ የተወለደው ከሱፍ ነውና። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ከ1824 ጀምሮ ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። በዚያ ከቀረቡለት ቅሬታዎች አንዱ ጥቁሩ ቀለም ደካማ ነው፣ በሰማያዊና በወይን ጠጅ ጨርቅ ላይ ጥላ ሆኖ ሲገባ ጥቁረቱን ያጣል የሚል ነበር። ሼቭረል ጥቁሩን ሱፍ ከሌሎች ፋብሪካዎች ሱፍ ጋር አስተያየው፤ ማቅለሚያው ጉድለት አልነበረበትም። ጉዳዩ ያለው ጎረቤቱ ላይ ነበር። ዓይን አንድን ቀለም ብቻውን አያይም፤ ከጎኑ ካለው ጋር አወዳድሮ ያየዋል። ይህንኑ በ1839 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው፤ ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ሲማሩበት ኖሩ። እንግዲህ የመንዝን ባና በዚህ ዓይን እንየው። የበጉ ጠጉር የተፈጥሮ ቀለሞች ጥቂት ናቸው፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማና በመካከላቸው ያሉት። ከጥቁሩ ጎን የገባ ነጭ መስመር ከነጭነቱ በላይ ይነጣል፤ ጥቁሩም እንዲሁ ይጠቁራል። ሸማኔው የሼቭረልን ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ ሼቭረል ያየውን ግን እጁ ላይ ያየዋል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ባና ጥቁርና ነጭ የሆነው በጉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ነው፤ መስመር የወጣበትም ማግ ሲለወጥ መስመር ከመውጣት ሌላ አማራጭ ስለሌለው ነው፤ ጠባብ ሆኖ ተሸምኖ ጎን ለጎን የሚሰፋውም ሸማኔው መወርወሪያውን በእጁ ስለሚወረውርና ከክንዱ በላይ ስፋት ሊያወጣ ስለማይችል ነው፤ ታዲያ ይህ ችግር እንጂ ዲዛይን ነው ወይ? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ማዕቀፉን የሰጠው ችግር ነው። ማዕቀፍ ግን ውሳኔን አያስቀርም፤ ወዴት እንደሚወሰን ያጠባል እንጂ። ጥቁርና ነጭ ጠጉር ተደባልቆ በደጋን ቢነደፍና ቢፈተል የሚወጣው ግራጫ ነው። መስመሩ ጥርት ብሎ እንዲታይ ከተፈለገ ጠጉሩ እንዝርት ሳይነካው፣ በጉ እንደተሸለተ፣ በየቀለሙ መለየት አለበት። የባናው መልክ እንግዲህ መወሰን የሚጀምረው ሽመናው ከመጀመሩ ብዙ ቀን በፊት፣ በፈታይዋ እጅ ነው። ነጩ ስንት ጊዜ ይግባ፣ በምን ያህል ርቀት ይደገም፣ ከዳር ይሁን ከመሐል የሚለው ደግሞ በግድ የሚመጣ አይደለም፤ በጉ ይህን አይነግርም። ሁለቱ ጎኖች ሲሰፉ መስመሮቹ ይገናኙ ወይስ ይዛነፉ የሚለውም እንዲሁ ነው። ምት የሚባለው መርሆ የሚገኘው በእነዚህ ውሳኔዎች ውስጥ ነው። በወጥ ድግግሞሽ መካከል ድንገት የሚሰፋ ወይም የሚጠብ መስመር ዓይንን ያስቆማል፤ ያንን ቦታ ለመምረጥ ደግሞ መሳሪያ አይረዳም።

ሚዛንን ከግራ ቀኝ መመሳሰል ጋር አንድ አድርጎ ማየት በጣም የተስፋፋ ስህተት ነው፤ ለስህተቱ ምክንያት ባይጠፋውም። መስቀላችን፣ የቤተ ክርስቲያን በራችን፣ የወንጌል መጻሕፍት ሥዕሎች ክፈፍ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙ አንድ ነው። የአባ ገሪማ ወንጌላት የቀኖና ሠንጠረዦች፣ በራዲዮካርበን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተገመቱት፣ አምዶቻቸው በሥርዓት ፊት ለፊት ቆመዋል። ይህን እያየ ያደገ ሰው ሚዛን ይህ ብቻ ነው ቢል አይገርምም። ነገር ግን ከጥቁር በግ ጠጉር የሚሠራውን በርኖስ ይመልከት። ካባው ከሰውነት ላይ ወርዶ ይዘረጋል፤ በአንደኛው ትከሻ ላይ ብቻ ወደ ላይ የወጣ ሹል ጫፍ አለው፤ በሌላው ትከሻ ላይ አቻ የለውም። ልብሱ ግን ያዘመመ አይመስልም። ከታች የሰፋውና የከበደው ጥቁር ጨርቅ ትንሿን ጫፍ ይሸከማታል፤ ጫፏም ዓይንን ወደ ፊት፣ ወደ ለባሹ ገጽ ትስባለች። ሚዛን የክብደት ጉዳይ ነው፤ ክብደትም የሚመጣው ከመጠን ብቻ አይደለም፤ ከቀለም፣ ከቦታ፣ ከሹልነትና ከብቸኝነትም ጭምር ነው። ትንሽ ነገር ብቻውን ሲቆም ትልቁን ያህል ይመዝናል። ይህን ያልተረዳ ሰው ማስታወቂያም ሆነ የመጽሐፍ ሽፋን ሲሠራ በግራ ያስቀመጠውን ሁሉ በቀኝ ይደግመዋል፤ ሁለቱ ሲፎካከሩ ተመልካች የቱን እንደሚያይ ይጠፋዋል።

ቀለም በበዛ ቁጥር ይደምቃል የሚለውን ለማረም ከብራና ጸሐፊዎቻችን የተሻለ ምስክር አላውቅም። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ይበሳል፣ መስመር ያሰምራል፣ ዓምዱንና ኅዳጉን ይለያል፤ የታችኛውን ኅዳግ ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ሰፋ ያደርገዋል። ከዚያ በጥቁር ቀለም ይጽፋል። ቀዩን የሚያነሳው ለአምላክና ለእመቤታችን ስም፣ ለቅዱሳን ስም፣ ለክፍሉ መግቢያ ነው። ቀይ ቀለም አልጠፋውም፤ ከጎኑ ነው ያለው። ገጹን ሁሉ በቀይ ቢጽፈው ግን የማርያም ስም ከሌላው ቃል አይለይም ነበር። አጽንኦት የሚባለው ይህ ነው፤ አንዱ እንዲታይ ሌላው ዝም ማለት አለበት። ይህ ሥርዓት በዘመናዊው ትምህርት ዘንድም ቦታ አግኝቷል። በቺካጎ ተምረው የተመለሱት አቶ አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አዲስ እውቀት ይዞ መጣ፤ በዚያው ትምህርት ቤት ግን ይገዙ ብሥራት የፊደል አጣጣልን ጥበብ አስተምረዋል። አገር ቤት ያለው ሥራ መርሆ ባይኖረው ኖሮ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ነገር አይሆንም ነበር።

ምጣኔን በተመለከተ ሁለት ተረቶች አሉ፤ አንዱ ከውጭ የመጣ፣ ሌላው ስለ ራሳችን የምንናገረው። የመጀመሪያው ወርቃማው ምጣኔ፣ ማለትም 1.618 ገደማ የሆነው ቁጥር፣ የውበት ሁሉ ቁልፍ ነው ይላል። ቁጥሩ በሒሳብ እውነተኛና ጥንታዊ ነው፤ የውበት ሕግ ሆኖ የተስፋፋው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በተለይ አዶልፍ ዛይዚንግ የተባለ ጀርመናዊ በ1854 ካሳተመው መጽሐፍ በኋላ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጉስታቭ ፌኽነር ሰዎችን የተለያዩ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጾች አስመርጦ፣ ለቁጥሩ የሚቀርቡት ይበልጥ እንደተወደዱ በ1876 ጻፈ። ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ የተደረጉት ሙከራዎች ግን አንድ ወጥ ውጤት አላመጡም። ስለዚህ ማስታወቂያውን በ1.618 ያልሰራ ባለሙያ ተሳስቷል ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ተረት የድሮ ሠዓሊዎቻችን የሰውን ቁመትና ጥልቀት መሳል ስላላወቁ ነው ሥዕሉ ዝርግ የሆነው ይላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ታሪኩ በግልጽ ያስተባብለዋልና። ከቬኒስ የመጣው ኒኮሎ ብራንካሊዮን ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት እዚሁ አገር ሲሥል ኖሯል። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂም ኋላ ገብቶ በሠዓሊዎቻችን እጅ እጅግ ብዙ ጊዜ ተሥሏል። የኢጣሊያን ጥላና ብርሃን አይተውታል፤ የእጆቹን አቀማመጥና የልብሱን አጣጣል ወሰዱ፤ ጥልቀቱን ተዉት። በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደር ደግሞ ፊትን በጥላ ማወፈር ሲመርጡ አደረጉት። ማድረግ እየቻሉ የተዉት ነገር እጥረት አይባልም። የቅዱሱ ሥዕል ሥራ ማስረዳትና ማክበር ነው፤ ስለዚህ ምጣኔው የክብር ምጣኔ ነው፤ ዋናው ትልቅ፣ አጃቢው ትንሽ ይሆናል። ቅዱሳን በአብዛኛው ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎች ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ማንበብ የማይችል ምዕመን እንኳ ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

እዚህ ጋ ክርክሬን የሚፈትን ጥያቄ አለ። አንድ ዓይን የክፋት ምልክት መሆኑን ያልለመደ እንግዳ ሊያነበው አይችልም፤ ታዲያ መርሆ ከዓይን ይመጣል ወይስ ከልማድ? መልሱ ከሁለቱም ነው፤ ሁለቱን መለየትም ያስፈልጋል። ጥቁር ከነጭ አጠገብ ይበልጥ መጥቆሩ፣ የተቀራረቡ መስመሮች እንደ አንድ ቡድን መታየታቸው በሁሉም ሰው ዓይን ላይ የሚሠራ ነገር ነው፤ ሁለተኛውን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማክስ ቬርትሃይመር በ1923 በዝርዝር ጽፎታል። የአንዱ ዓይን ትርጉም ግን የማኅበረሰብ ስምምነት ነው። ጥሩ ሠዓሊ ሁለቱንም ይጠቀማል። አንኮበር ተወልደው በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑትን ሦስት የመስታወት ሥዕሎች የሠሩት አፈወርቅ ተክሌም እንዲሁ አድርገዋል። ጥቁሩ መስመር ቀለሞቹን እንዲያበራ ማድረግ የዓይን ጉዳይ ነው፤ የአህጉሩን ነፃነት የሚናገሩት ምስሎች ግን ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ነው የሚናገሩት።

ይህ ሁሉ ትምህርት አያስፈልግም ማለት አይደለም። መርሆን በስም ማወቅ ሥራ ሲበላሽ የት እንደተበላሸ ለመነጋገር ይረዳል፤ «ደስ አይልም» ከማለት «ሁለት ነገሮች እየተፎካከሩ ነው» ማለት ለሠሪው ይጠቅማል። ክርክሬ ስሙን ያልያዘ ሥራ መርሆ የለውም ከሚለው ጋር ብቻ ነው፤ ይህ አስተሳሰብ ገበያ ላይ ጉዳት ያደርሳልና። ባናው ይዘምን ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ደማቅ የፋብሪካ ክር መጨመር ነው። ቀይ ክር ክልክል አይደለም፤ ከዳር አንድ ቀጭን ቀይ መስመር የጥቁሩን ጥልቀት ሊያጎላ ይችላል። አምስት ስድስት ቀለም በእኩል ስፋት ሲደረደር ግን የጠጉሩ የራሱ ቀለም ይዋጣል፤ ያን ጊዜ ባናው ራሱን የተለየ የሚያደርገውን ትቶ ከርካሽ ብርድ ልብስ ጋር በማይችለው መንገድ ይወዳደራል። ለሸማኔዎችና ለፈታዮች ሥልጠና የሚያዘጋጅ ሰው ከመጽሐፉ በፊት የቆዩ ባናዎችን ቢሰበስብ ይሻላል። ጥቁሩ በምን ያህል ስፋት እንደሚሄድ፣ ነጩ የት እንደሚገባና ስንት ጊዜ እንደሚመለስ፣ የተሰፉት ጎኖች እንዴት እንደተገናኙ መለካትና በወረቀት ማስፈር ይቻላል፤ ለምን እንዲያ እንደሆነም የሠሩትን እናቶችና አባቶች መጠየቅ ይቻላል። ባና እስኪያልቅ ድረስ የሚለበስ ነገር ነውና፣ ይህ ሥራ በዘገየ ቁጥር የሚለካው እያነሰ ይሄዳል።