ሞክሼ ስም፣ የተለየ ቁጥር፦ ስለ ኮምፒዩተር አቃፊ ባለቤትነት አሰያየም

ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን፣ የቀድሞው ተጠቃሚ አቃፊ (በተለምዶ ፎልደር የሚባለው) ከዲስኩ ላይ ሳይጠፋ፣ ባለቤቱ ሊከፍተው ሲሞክር ግን የሚከለከልበት ጊዜ አለ። ጉዳዩ የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ ቢመስልም፣ ነገሩን በከፊል የሚያወሳስበው የስያሜ ጉድለት በመሆኑ የቋንቋ ሰዎችንም ይመለከታል።

ቦዲቲ ተቀምጦ ከወላይትኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ለአብነት እንውሰድ። ለዓመታት የለቀማቸው ቃላት በቀድሞው አቃፊው ውስጥ ናቸው። ወላይትኛ በሚጻፍበት በላቲን ፊደል፣ አንዲት ሆሄ ሳያዛንፍ በዚያው ስምና በዚያው የይለፍ ቃል አዲስ መለያ ይፈጥራል፤ አቃፊው ግን አይከፈትለትም። ዊንዶውስ ተጠቃሚን የሚለየው በስሙ ሳይሆን፣ መለያው ሲፈጠር በሚሰጠው፣ ብዙውን ጊዜ «ኤስ-1-5-21» ብሎ በሚጀምር ረጅም ቁጥር ነውና። በአቃፊው የፈቃድ መዝገብ የሰፈረው የቀድሞው ቁጥር ነው። አዲሱ መለያ የአሮጌው ሞክሼ እንጂ ራሱ አይደለም።

«መለያ» የሚለውን ቃል ለሁለቱም መጠቀም ይህን ልዩነት ይሰውራል። ስለሆነም የመጀመሪያውን «የተጠቃሚ መለያ»፣ ቁጥሩን ደግሞ «መታወቂያ ቁጥር» ብንለው እንመርጣለን፤ ሁለት ሞክሼዎች በአንድ መታወቂያ እንደማይገለገሉ ማንም ያውቃል።

መፍትሔውም ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠይቃል፤ ባለቤትነትንና ፈቃድን። በአስተዳዳሪ ሥልጣን የገባ ሰው፣ በአቃፊው ባሕርያት ሥር ከሚገኘው የደኅንነት ገጽ ተነሥቶ የባለቤቱን ስም በራሱ ስም ይለውጣል፤ ለውጡ በውስጡ ላሉት አቃፊዎችና ፋይሎችም እንዲደርስ ያዛል። ይሁን እንጂ ባለቤት መሆን ብቻውን ማንበብ አያስችልም። ባለቤት ፈቃድ የመስጠት መብት ስላለው፣ ለራሱ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ መስጠት ይኖርበታል። (ይህን በራሱ በዊንዶውስ አቃፊ ላይ መሞከር አይገባም።)

የመጀመሪያውን እርምጃ «ባለቤትነትን መውሰድ» የሚሉ አሉ። «መውሰድ» የነጠቃ ሽታ አለው፤ በሥልጣን የሚፈጸም በመሆኑ፣ ቢሮዎቻችን ከኖሩበት ርክክብ የተገኘው «መረከብ» ይበልጥ ይስማማዋል። «መዳረሻ ተከልክሏል» የሚለውም መልእክት መንገደኛን እንጂ ፋይል ፈላጊን አያስታውስም፤ «መክፈት አልተፈቀደም» ይበቃል።

ፋይሎቹ የተመሰጠሩ ከሆኑ ግን ርክክብም ሆነ ፈቃድ አይበቃም፤ የምስጠራው ቁልፍ ከሌለ አይነበቡም። «ቁልፍ» እዚህ ላይ የይለፍ ቃል ማለት አይደለም፤ አስቀድሞ ከኮምፒዩተሩ ውጭ ሊቀመጥ የሚገባው ራሱን የቻለ ፋይል ነው። የመመሪያ ተርጓሚዎችም ይህን ማስገንዘቢያ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ስለ መጫን ከሚናገረው ክፍል በፊት ቢያሰፍሩት ይመረጣል።