የቡናው ገንዘብ ቁጠባ ይግባ ወይስ አክሲዮን?

ዲላ፣ ወናጎና ይርጋጨፌ ላላችሁ፦ የቡና ገንዘብ በአንድ ወቅት ይገባል፣ ወጪው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ "ገንዘቡ መቼ ያስፈልገኛል?" ብላችሁ ጠይቁ።

✅ ቁጠባ፦ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። ባንኩ ቢወድቅ የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ስጋቱ የዋጋ ንረት ነው፤ ንረቱ ከወለዱ ሲበልጥ ብሩ ቢጨምርም የሚገዛው ያንሳል።

✅ አክሲዮን፦ የትርፍ ድርሻ እንደ ወለድ ቃል የተገባ አይደለም። ትርፍ ከሌለ ድርሻ የለም፣ መድንም የለውም።

🧮 "25 በመቶ ከፈለ" ሲባል በስንት ብር ላይ እንደሆነ ጠይቁ። የ1,000 ብር አክሲዮን በ2,000 ብር ከገዛችሁ፣ 250 ብር ድርሻ ለእናንተ 12.5 በመቶ ብቻ ነው።

🚪 መሸጥስ? የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። በገበያው ያልተመዘገበ አክሲዮን ግን ገዥ እስኪገኝ ሊያቆያችሁ ይችላል።

የእኔ ምክር፦ እስከ ቀጣዩ ምርት የሚያኖራችሁንና የትምህርት ቤት ክፍያውን ቁጠባ ውስጥ አስቀምጡ። አክሲዮን የምትገዙት ለዓመታት በማትነኩት ገንዘብ ይሁን፤ እሱንም አንድ ድርጅት ላይ ብቻ አታውሉት። ተበድሮ አክሲዮን መግዛትማ ፈጽሞ አይሞከርም።