«ንግድ» የሚለው ቃል ትርጓሜና በየዕለቱ የሚነገርበት አኳኋን

ንግድ ማለት ገዝቶ መሸጥ፣ ሸጦም ማትረፍ እንደ ኾነ ገበያ የዋለ ልጅ ኹሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ቃሉ የተወለደው ከገበያ ሳይኾን ከመንገድ ነው። በግዕዝ ነገደ ሲባል ሄደ፣ ተጓዘ ማለት ነው፤ ዕቃ ይዞ እየዞረ ሸጠ፣ ለወጠ ማለትም ይኾናል። ነጋዲ መንገደኛ ነው፤ ነግድ እንግዳ ነው፤ ንግደትም ጕዞ፣ ይልቁንም ቅዱስ ስፍራ ለመሳለም የሚደረግ ጕዞ ነው። በትግራይ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ድረስ የደብሩን ዓመታዊ በዓል ንግደት ይለዋል። በአማርኛም መንገድና እንግዳ የተባሉት ቃሎች የዚሁ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ስለዚህ መሽቶበት ደጁ የቆመውን ነጋዴ እንግዳ አድርጎ የሚያሳድር ባላገር፣ ሳያውቀው የቃሉን ጥንተ ትርጓሜ ይፈጽማል።

መንገድና ንግድ ከአንድ ቃል መውጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀድሞ የዕቃው ዋጋ የሚያድገው በእግር ነበረና። በአፋር ቈላ ከጨው ሜዳ ተቈርጦ የሚወጣው አሞሌ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣ ነበር፤ ከዚያም በበቅሎና በአህያ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ሸዋ ይሻገራል። አሞሌው ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን በአንድ ብር የሚገዛው ቍጥር እያነሰ ይሄድ ነበር። ጨውነቱ ያው ነው፤ የጨመረበት ነገር የመንገዱ ድካም፣ የየኬላው ቀረጥ፣ የሽፍታው ፍርሃት ነው። ነጋዴ ያለ ድካም ያተርፋል የሚሉ ሰዎች ይህን ሒሳብ ሳይቈጥሩ የሚናገሩ ናቸው።

ከዚህ የተነሣ ነጋዴዎች ብቻቸውን አይሄዱም ነበር፤ ብዙ ኾነው በሲራራ ይጓዙ ነበር። አለቃቸውም ነጋድራስ ይባል ነበር፤ የነጋዴዎች ራስ ማለት ነው። ይህ ስም የመንግሥት ሹመትም ኾነና ነጋድራሱ ቀረጥ የሚያስከፍል፣ የገበያን ነገር የሚዳኝ ሹም ኾነ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የኾኑት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የሲራራው ነገር እየቀረ ሄደ፤ ነጋዴ ሲባልም በሱቁ ተቀምጦ የሚሸጠው ሰው በሐሳብ ይመጣ ዠመር። በገጠር ግን አኹንም «ንግድ ሄዷል» ሲባል ይሰማል፤ በዚህ አነጋገር ቃሉ ገና በእግሩ ይሄዳል።

ለንባብ የሚኾነው ይህ ነው። ነገደና ነጋዴ ሲባል መካከለኛው ፊደል ይጠብቃል፤ ንግድ ሲባል ይላላል። ነገድ ግን፣ ዐሥራ ኹለቱ ነገድ እንደሚባለው፣ ላልቶ የሚነበብ የወገን ስም ነውና ተማሪው ከነገደ ጋራ እንዳይቀላቅለው መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስነብበው።

በየዕለቱ ንግግር ሸጠና ነገደ አንድ አይደሉም። አንዲት ባልቴት ከላሟ ያገኘችውን ቅቤ ሸጣ፣ ጨውና በርበሬ ገዝታ ብትመለስ ገበያ ወጣች ይባላል እንጂ ነገደች አይባልም። ቅቤውን ከእርሷ ገዝቶ፣ ከሌሎችም ሰብስቦ፣ ዋጋው ወደሚወደድበት ከተማ የሚወስደው ሰው ነው ነጋዴ። ገበሬም የገዛ እህሉን ቢሸጥ ሻጭ ነው፤ የጎረቤቱን እህል በመከር በርካሽ ገዝቶ እስከ ክረምት አቈይቶ ቢሸጠው ግን በዚያ ዓመት ነገደ ይባላል። ይህን ልዩነት ሕግም ተቀብሎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን፣ ይህንንም ሞያው አድርጎ ለጥቅም የሚሠራውን ሰው ነጋዴ ሲለው፣ ከያዘው መሬት ያገኘውን ፍሬ የሚሸጠውን አራሽ ነጋዴ አላለውም። ይህ የሕጉ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተክቷል።

በሽማግሌዎች ፊት የሚቀርበው ጠብ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው። አንድ ሰው ለጎረቤቱ አምስት ሺህ ብር ቢሰጠው፣ ተቀባዩም በጎች ገዝቶ ሲነዳ በሽታ ገብቶባቸው እኩሌቶቹ ቢያልቁ፣ ሰጪው «አበድሬዋለሁ» ይላል፤ ተቀባዩ «ለንግድ ነው የሰጠኝ» ይላል። ብድር ከኾነ በጎቹ ኖሩም ሞቱም ተበዳሪው ዋናውን ይመልሳል። ለጋራ ንግድ ከኾነ ግን ትርፉን ሊካፈል የመጣ ሰው ጉዳቱንም ይካፈላል። ኹለቱም ሐሰት አልተናገሩ ይኾናል፤ ገንዘቡ በተሰጠበት ቀን «እንካ፣ ነግድበት» ብቻ ተብሎ ከኾነ ቃሉ ኹለቱንም ሐሳብ ይሸከማል። ስለዚህ ዐዋቂ ሽማግሌ ስለ በጎቹ ሞት ከመመርመሩ አስቀድሞ፣ በጎቹ በደኅና ተሸጠው ቢኾን ኖሮ ለሰጪው ምን ይደርሰው ነበር ብሎ ይጠይቃል። ሰጪው የትርፍ ድርሻ ይጠብቅ እንደ ነበረ ከታወቀ ሽርክና ነበራቸው፤ ከዋናው ሌላ የተነጋገሩት ከሌለ ነገሩ ወደ ብድር ያደላል። መምህር ባለበት መንደር ገንዘቡ ሲሰጥ ከኹለቱ ቃሎች አንዱን በምስክር ፊት በወረቀት ማስጻፍ ይቻላል፤ የሚፈጀውም ከአንድ ስንዝር ወረቀት አይበልጥም።

ቃሉ በክፉም ይነገራል። በሰው ስም ወይም በሃይማኖት የሚጠቀመውን ሰው «ነገደበት» ይሉታል፤ ይህ ነቀፋ ነው። ነቀፋ ሳይኾን በግልጽ የተነገረበት ዘመንም ነበረ፤ ይኸውም የባሪያ ንግድ ነው። ሰውን አድኖ የሚይዘው ፈንጋይ ተብሎ ሲጠላ፣ ከፈንጋዩ ተቀብሎ የሚሸጠው ግን ከጨውና ከቡና ነጋዴ ጋራ በአንድ ስም ይጠራ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል በኾነች ጊዜ በዚያው ዓመት ባሮችን ነጻ የሚያወጣ ሕግ ወጣ፤ ባርነትም ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ዛሬም ወጣቶችን ወደ ዐረብ አገር ወስጄ ሥራ አስገባችኋለሁ እያለ በየመንደሩ የሚዞር ደላላ አለ። ደላላው ራሱን አገናኝ ይላል፤ ወላጆችም በሬ ሸጠው ይከፍሉታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1178 ግን ሰውን አታልሎ ለብዝበዛ አሳልፎ የሚሰጠውን ሥራ በሰው መነገድ ብሎ በስሙ ጠርቶታል።