ጠገራ ብር ከስላብ ሲወጣ

በራያ ቆላ ጠገራ ብር ለትልልቆቹ እንግዳ አይደለም። በቆቦም ሆነ በዋጃ ገበያ በብሩ ራሱ ባይገበያዩም፣ ጆሮ ተበይዶለት ከአንገት ሲንጠለጠል ወይም አንጥረኛ አቅልጦ ቀለበትና መስቀል ሲያወጣበት ያዩ ብዙ ናቸው። አሁን ደግሞ ያው ብር በሌላ መልክ ብቅ ይላል፦ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ በጨረታ ገዝቶ ሲያመጣው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጎ፣ ቁጥርና ደረጃ ተለጥፎበት።

ሰብሳቢዎች ይህን ማሸጊያ ስላብ ይሉታል። የሚያሽጉት የሳንቲም ደረጃ የሚያወጡ ድርጅቶች ናቸው፤ ከሁሉ የታወቁት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የተቋቋሙት ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ ናቸው። ደረጃው ከ1 እስከ 70 ይሄዳል። ሁለቱ የፕላስቲክ ገጾች በድምፅ ሞገድ ስለሚበየዱ ሳይሰበሩ አይከፈቱም። ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ አንድ ሰው ከፍቶ ሌላ ሳንቲም ቢተካ ስብራቱ እንዲያጋልጠው።

ለአብዛኛው ሳንቲም ይህ መልካም ጥበቃ ነው። ለጠገራ ብር ግን ስላቡ ዋናውን ማስረጃ ይሸፍነዋል።

ምክንያቱ ከታሪኩ ይመጣል። መልኳ በብሩ ላይ የተቀረጸው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ብር ሁሉ፣ ቪየና ዛሬም የምትመታው ጭምር፣ 1780 የሚል ዓመት ይዟል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 መምቻውን ከቪየና ተረክባ ሮም ላይ መምታት ጀመረች፤ እንግሊዝም በማግስቱ ዓመት ለንደን ላይ፣ ቆይታም ቦምቤይ ላይ መታች። ስለዚህ ዓመቱን ማንበብ ምንም አይነግርም። የሚናገሩት ትንንሾቹ ምልክቶች ናቸው፦ የትከሻዋ ጌጥ ሉሎች፣ በጀርባው ያለው ንስር የላባ አደራደር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠርዙ። ጠርዙ ላይ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጽሑፍ ጎልቶ ወጥቷል፤ በቃላቱ መካከል ያሉት ጌጦችም ከምት ምት ይለያያሉ። ጽሑፉ ብሩን ከዳር እየፋቁ ከሚሰርቁም መከላከያ ነበር።

የድሮ ነጋዴ ይህን ሁሉ በእጁ ይጨርስ ነበር። ሉሉን ይቆጥራል፣ ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር በ1860 ዓ.ም. በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ መቅደላ ሲያልፍ ሠራዊቱ ለእህሉና ለጭነቱ የከፈለው በዚሁ ብር ነው፤ ሻጩም የለመደው ዓይነት ካልሆነ አልቀበልም ይል ነበር። ከስላቡ ውስጥ ግን ብሩ አይጮህም፣ 28 ግራም መሆን አለመሆኑ አይመዘንም፣ ጠርዙም ቢበዛ በከፊል ነው የሚታየው።

እናስ ይከፈት? ለማጥናት ከሆነ አዎ፤ ለመሸጥ ከሆነ ግን ቢቀር ይሻላል። ስላቡ ሲሰበር የድርጅቱ ዋስትና አብሮ ይፈርሳል። ዳግመኛ ቢላክም ያው ደረጃ ይመጣል የሚል ማረጋገጫ የለም፤ ብዙዎቹ የሚሰብሩት ከፍ ያለ ቁጥር ፍለጋ ነው፣ አንዳንዱም ዝቅ ያለ ይዞ ይመለሳል። ሌላም መዘዝ አለው፦ ደረጃው የተጻፈበት አሮጌው የስላብ ወረቀት ለድርጅቱ ካልተመለሰ አንድ ሳንቲም በመዝገቡ ላይ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ጆሮ ተበይዶለት የነበረ ብር ደግሞ ከመጀመሪያውም ቁጥር አይሰጠውም፤ «ጌጥ የነበረ» ተብሎ ብቻ ይታሸጋል፤ ጆሮው ቢነቀልም የብየዳው ጠባሳ ያሳብቃል።

ለመክፈት የቆረጠ ሰው መጀመሪያ የስላቡን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ያመሳክር፣ በሁለቱም ገጽ ፎቶ ያንሳ። ሐሰተኛ ስላብም አለና። ከዚያ መነጽር አድርጎ፣ ስላቡን በወፍራም ፎጣ ጠቅልሎ፣ ወረቀቱ ባለበት በኩል ያለውን ጥግ በመቁረጫ ፒንሳ ይጭመቅ። ሳንቲሙ ካለበት በኩል መጀመር የለበትም። ፕላስቲኩ ቀጭ ሲል ሁለተኛውን ጥግ ይድገም፤ ገጾቹ ሲላቀቁ ሳንቲሙ ስላቡ ውስጥ ከያዘው ቀለበት ጋር ጨርቅ ላይ ይወርዳል። መዶሻ ስንጣሪውን ብሩ ላይ ይረጫል። አሴቶን እጅግ የከፋ ነው፤ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ሳንቲሙ ላይ ይለጥፈዋል።

ብሩ ከወጣ በኋላ የሚፈትነው ማሳመር ነው። አመድና ሎሚ ለአምባር ያገለግሉ ይሆናል፤ ለሳንቲም ግን ጥፋት ናቸው፤ ቆዳው አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። በአክሱም ሳንቲም ላይ ጉዳቱ ይብሳል፤ አንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች በንጉሡ ራስ ዙሪያ በወርቅ ተለብጠዋል፣ ያ ስስ ወርቅ በአንድ ፍግፈጋ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቅርስ ደረጃ ይውጣለት ብሎ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

የወጣው ብር በጠርዙ ብቻ ተይዞ ከማይላር በተሠራ ከረጢት ይገባል። ገበያ ላይ የሚገኘው ለስላሳ የፒቪሲ ከረጢት ርካሽ ቢሆንም በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይተፋበታል። የስላቡ ወረቀትም አይጣልም፤ ከክብደቱና ከጠርዙ ፎቶ ጋር ከብሩ አጠገብ ይቀመጣል።