«ምን ሆንኩ?» እና «ለምን ሁልጊዜ እኔ?»

ብዙዎቻችን ማታ አልጋ ላይ ተኝተን ቀኑን መልሰን መላልሰን ማሰብን ራስን መመርመር እንለዋለን። አለቃችን በቴሌግራም የላከችውን «እሺ» አስር ጊዜ እናነበዋለን። ምን ማለቷ ነው? ምን አጠፋሁ? ለምን ሁልጊዜ እኔ? ይሄ ማብሰልሰል ነው፤ እስኪነጋ ቢቀጥል መልስ አይወጣውም።

ጉዳቱ ደግሞ የሚታይ ነው። ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ የስታንፎርድ ተማሪዎችን ስሜት መዝግባ፣ ሲከፋቸው ምን እንደሚያደርጉም ጠይቃ ነበር። ከዚያ በ14ኛው ቀን፣ በጥቅምት 1989 እ.ኤ.አ.፣ የሎማ ፕሪዬታ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታው። ከ10 ቀንና ከ7 ሳምንት በኋላ ስትጠይቃቸው፣ ድሮም የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ይበልጥ የድብርት ምልክት ታየባቸው። ቀድሞ የነበረባቸው ድብርት ተቀንሶ ሲታይም ውጤቱ ያው ነው።

በ«ለምን ሁልጊዜ እኔ?» ፋንታ «ምን ሆንኩ?» ብዬ ለመጠየቅ የማደርገው ትንሽ ነገር ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ለራሴ ቴሌግራም እልካለሁ፤ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ፣ ከአስቤዛ ዝርዝርና ከማላነበው ሊንክ መሃል። መጀመሪያ የሆነውን እጽፋለሁ፤ «ስብሰባ ላይ እየተናገርኩ አንዱ አቋረጠኝ።» ቀጥዬ የተሰማኝን። በቀደም «ተናደድኩ» ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት፤ ለካ አፍሬ ነው። በንዴቱ ብቀጥል ኖሮ ለሰውየው የምመልሰውን ሳሰላስል አመሽ ነበር። ሐፍረት መሆኑ ሲገባኝ ግን የጎደለኝ ሐሳቤን መጨረስ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። እዚያው ሰልፉ ላይ ሐሳቤን ጽፌ ስብሰባው ላይ ለነበሩት ሁሉ ላክሁት።

ነገሩ ጋል ሲል ደግሞ ራሴን በ«አንቺ» አናግራለሁ፤ «አንቺ ልጅ፣ አሁን ምን ይሁን ነው የምትይው?» ሰው ፊት ባይሆን ይመረጣል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሰው ፊት ንግግር እንዲያደርጉ ከታዘዙት መካከል ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ ያናገሩት «እኔ» እያሉ ካሰቡት ቀለል ብሏቸዋል። ጓደኛን ስንመክር ሁላችንም ብልህ አይደለን?

ሆድ ውስጥ የቆየ ከባድ ነገር ካለ ሰልፍ ላይ የሚጻፍ አይበቃውም። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት 15፣ 15 ደቂቃ ጻፉ። ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር፣ የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት እንደጨረሱ ይበልጥ ከፋቸው። በቀጣዮቹ ወራት ግን ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀነሰ። በኋላ የመጡት በርካታ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ጥቅሙ አለ፣ ግን ትንሽ ነው። «ሕይወቴን ቀየረው» እያለ ደብተር የሚሸጥላችሁን በጥርጣሬ እዩት። የማንኛውም ሱቅ ደብተር ይበቃል፤ ዋናው ታናሽ ወንድም የማያገኘው ቦታ ማስቀመጥ ነው። ጽፎ መቅደድም ይቻላል።

እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁና ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ደብተሩን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ የከተማውን ቀልድ ለቀልደኞቹ ተዉላቸው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ፣ ከምታምኑት ሰው ጋር ሆናችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።